ዲስከስ ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ስለ ማኖር

(በት/ቤታችን የተፈጥሮ ጥናት ክበብ ስም በበዓሉ ሳምንት ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ሳምንት ከየክበቡ አንዳንድ ንግግር እንዲቀርብ በተወሰነ ጊዜ፣ የእኛ ክበብ ስለ ምን ይናገር በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረን ነበር። ከመካከላችን አንዳንዱ ስለ ጠፈር፣ አንዳንዱም ስለ ዓባይ ወንዝ ቢሆን ይሻላል አለ። በመጨረሻ ግን በመጽሐፍ ብቻ ካነበብነው ይልቅ በእጃችን የነካነውን፣ የደከምንበትንና ያጠፋንበትን ነገር ብንናገር ይበልጣል ብለን ተስማማን። ይኸውም ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለችው ክፍል፣ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚኖሩት ዓሦች ነው።

ብዙዎቻችሁ በመስኮት አሻግራችሁ አይታችኋቸዋል። አምና ሰባት እንደ ነበሩ፣ ዘንድሮ ሦስት እንደ ቀሩም ታውቃላችሁ። አራቱ ስለ ሞቱበት ምክንያት ግን በግቢው የተወራው አንድ ነው፤ እውነቱ ሌላ ነው። የወሬውም መነሻ እኛው ስለሆንን፣ እኛው በአደባባይ ልናርመው ይገባናል።

አስቀድመን ከዓሣው ጋር እናስተዋውቃችሁ። ስሙ ዲስከስ ይባላል፤ የስፖርት አስተማሪያችን በሜዳ ከሚያስወረውሩን ከዚያ ክብ ነገር ጋር ስመ ሞክሼ ነው። ከጎን ሲያዩት በጠርዙ የቆመ ሳህን ይመስላል። ከፊት ለፊት ሲያዩት ግን ስስ ከመሆኑ የተነሣ ከዓይን ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል። ያደገው ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝና ገባሮቹ ናቸው። ዮሐን ናተረር የሚባል የኦስትሪያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1817 ወደ ብራዚል ሄዶ እስከ 1835 ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ልዩ ልዩ እንስሳትን ሲሰበስብ ኖረ፤ ከሰበሰባቸውም መካከል ይህ ዓሣ አንዱ ነበር። ዮሐን ያኮብ ሄከል የተባለው የቪየና ሊቅም በ1840 የሳይንስ ስም አወጣለት።

ዲስከስ እንዲህ ከሩቅ አገር ይምጣ እንጂ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና የሚጠመደው ቆሮሶ የዚሁ የሲክሊድ ቤተሰብ ነው። በእሑድ ጠረጴዛ ላይ የምናገኘው ቆሮሶ የዚህ ጌጠኛ ዓሣ የሩቅ ዘመድ መሆኑን ባወቅን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዱ፣ «ዘመዱን እየበላን እርሱን በማሞቂያ እናኖራለን» ብሎ አስቆን ነበር።

ዓሦቹን ለት/ቤታችን የሰጡት እዚሁ የተማሩ አንድ የቀድሞ ተማሪ ናቸው። ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ፣ በቤታቸው ያኖሩዋቸውን ሰባት ዲስከሶች ከነገንዳቸው፣ ከነማጣሪያቸውና ከነማሞቂያቸው አስረከቡን። ገንዳው ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሲሆን 400 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ለአንድ ያደገ ዲስከስ 40 ወይም 50 ሊትር ያስፈልገዋል ስለሚባል ለሰባቱ በቂ ነበር። ቁጥራቸውም በከንቱ ሰባት አልሆነም፤ ዲስከስ በማኅበር የሚኖር ዓሣ ነው፤ ሁለት ሦስት ብቻ ሲሆኑ ብርቱው ደካማውን ከምግብ እያባረረ ያስጨንቀዋል፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ቁጣው ለሁሉም ስለሚካፈል አንዱ ብቻ አይጎዳም።

እኒያ ሰው በዕለቱ የነገሩን አንድ ቃል ነበር። «ልጆች፤ ዓሣ እናረባለን ብላችሁ አታስቡ፤ የምታረቡት ውሃውን ነው» አሉን። እኛም በአክብሮት አዎን አልን፤ ከወጡም በኋላ ሳቅን። ውሃ ደግሞ እንዴት ይረባል!

የመጀመሪያው ችግራችን ብርድ ነበር። ዲስከስ የሚስማማው የውሃ ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በእኛ ከተማ በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እንኳን ለዓሣ ለተማሪም ይበርዳል። ስለዚህ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት መካከለኛ ማድረግ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆያል፤ አንዱ ደግሞ አልጠፋም ብሎ ቢቀር ብቻውን ውሃውን ሊያፈላው አይችልም። ማሞቂያው በራሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን አይገባም፤ ቴርሞሜትር በገንዳው ውስጥ አስገብቶ ጧትና ማታ ማየት ነው።

ነገር ግን መብራት በጠፋ ጊዜ ሁለቱም ማሞቂያ ከንቱ ነው። አምና በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት መብራት ጠፋ። እኛ ተኝተን ሳለን የማታው ዘበኛ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ገንዳውን ሸፈኑት፤ የቀረውንም ጎን በከረጢት ጋረዱት። ጧት ሮጠን ስንደርስ ቴርሞሜትሩ 26 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ማታ 29 ነበረና በሌሊቱ የወረደው 3 ዲግሪ ብቻ ነው። ብዙ ውሃ ቶሎ አይበርድም፤ ከተሸፈነ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። አንድም ዓሣ አልታመመም። ዘበኛው ግን ሳምንቱን ሙሉ በጉንፋን ሲያስሉ ሰነበቱ። ይህን ያነሣነው ስለ ዓሦቹ ስንናገር እርሳቸውን መዝለል ነውር ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ይህን በመጻሕፍት ተጽፎ አላገኘነውም፤ የፊዚክስ አስተማሪያችን ናቸው ያስረዱን። ዓሣም እንደ እኛ ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በውሃው ውስጥ የተሟሟውን ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። የዲስከስ ውሃ ደግሞ የሞቀ ነው። ከዚህም በላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህም ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። የዓሣ መጻሕፍት የሚጻፉት አብዛኛውን ጊዜ በቆላና በባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ነው። በመጽሐፉ «አየር መንፊያው ቢኖር መልካም ነው» ተብሎ የተጻፈውን፣ የአዲስ አበባ ሰው «የግድ ነው» ብሎ ሊያነበው ይገባል። አንድ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራ ሌላ መጠባበቂያ አለን።

ስለ ምግባቸው አጭር ቃል እንናገር። ዲስከስ አፉ ትንሽ ነው፤ ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት መብላት ይወዳል። ለትላልቆቹ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። እኛ የምንሰጣቸው የበሬ ልብ ነው። ስቡና ጅማቱ ተለቅሞ ከተጣለ በኋላ ይፈጫል፤ ከተቀቀለ ቆስጣና ከጥቂት ነጭ ሽንኩርት ጋር ተለውሶ በስሱ ተዳምጦ በበረዶ ቤት ይቀመጣል፤ ከዚያም በየጊዜው ቁራሽ እየተሰበረ ይሰጣቸዋል። ችግሩ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ሁሉ መዘጋቱ ነው። ዓሦቻችን ጾም አያውቁም። ስለዚህ ከቅበላ በፊት የሁለት ወር ልብ ገዝተን እናከማቻለን፤ ባለ ሥጋ ቤቱም፣ «እናንተ ልጆች ይህን ሁሉ ልብ ምን ታደርጉታላችሁ?» እያሉ በጥርጣሬ ያዩናል። ዓሦቹ በሩብ ሰዓት ውስጥ በልተው ያልጨረሱት ፍርፋሪ በጎማ ቱቦ ተስቦ መውጣት አለበት። ሥጋ በሞቀ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን።

ባለፈው ኅዳር የወላጆች ቀን ሊከበር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እንግዶች ገንዳውን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። እኛ የ12ኛ ክፍል አባሎች ተሰብስበን፣ ገንዳው እንደ አዲስ የጠራ ሆኖ መታየት አለበት ብለን ወሰንን። በዚያ ጊዜ አንድ ነገር እናውቅ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ስለሚጨመርበት እንደ ተቀዳ ወደ ገንዳ ቢገባ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥለዋል። በመሆኑም ውሃውን በበርሜል ቀድተን አየር እየነፋንበት አንድ ሌሊት አሳደርነው፤ እንዲህ ሲደረግ ክሎሪኑ በኖ ይሄዳል። ክሎራሚን የሚባለው ሌላው ዓይነት መድኃኒት ግን በማሳደር ብቻ አይለቅም። ይህን ሁሉ በማወቃችን እንደ ሊቅ ኮርተን፣ ግማሹን ውሃ ቀየርን፣ አሸዋውን አውጥተን አጠብን፣ መስተዋቱን ወለወልን። በመጨረሻም ከማጣሪያው ውስጥ ስፖንጁን አወጣነው። ስፖንጁ ቡናማና አተላ የመሰለ ነበር። በቧንቧው ሥር ይዘን፣ ነጭ እስኪሆን ድረስ እየጨመቅን አጠብነው። ከእኛ አንዱ፣ «ይህን ሁሉ ቆሻሻ ተሸክሞ እንዴት ያጣራ ነበር?» ማለቱን እናስታውሳለን።

በማግስቱ ገንዳው እንደ ብርሌ ጠርቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ጠቆሩ። ዲስከስ ሲከፋው መልኩ ይጠቁራል፤ ክንፉን ይሰበስባል፤ ፊቱን ወደ ጥግ መልሶ ይቆማል። በአራተኛው ቀን ወደ ውሃው ላይ ወጥተው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ጧት አንዱ በጎኑ ተኝቶ አገኘነው። ወላጆች በመጡበት ቀን ገንዳው በጨርቅ ተጋርዶ ነበር። እስከ ስምንተኛው ቀን ድረስ አራቱ ሞቱ።

እኛ በዚያን ጊዜ ያደረግነውን ስንናገር እናፍራለን። ውሃው የጠራ፣ ሙቀቱም 29 ዲግሪ ስለ ነበረ፣ ጥፋቱ ከምግቡ መሆን አለበት አልን። በዚያ ሳምንት ምግብ የመስጠት ተራው የአንድ የ9ኛ ክፍል ታናሽ ወንድማችን ነበር። አስጠርተን መረመርነው። «የተበላሸ ሥጋ ሰጥተሃል፤ ወይም አብዝተሃል» አልነው። እርሱም እያለቀሰ፣ የሰጠው እንደ ወትሮው መሆኑን ነገረን። አላመንነውም። ስሙንም ከክበቡ መዝገብ ሰረዝነው። በግቢው ውስጥ «ዓሣ ገዳይ» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ያንን ስም ያወጡት ሌሎች ናቸው፤ በር የከፈትንላቸው ግን እኛ ነን።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ነገሩን የሰሙት አራተኛው ዓሣ ከሞተ በኋላ ነው። መጥተው መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ምግቡ አልነበረም። «ማጣሪያውን ምን አደረጋችሁት?» አሉን። አጠብነው አልን። በምን? በቧንቧ ውሃ። ከዚያም በትንሽ የሙከራ ብልቃጥ ከገንዳው ውሃ ቀድተው ጠብታ ጨመሩበት። ውሃው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አየን። ከቀለሙ መግለጫ ጋር ሲያስተያዩት አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ በሆነ ገንዳ ምንም ሊታይ አይገባውም ነበር።

ያስረዱንን በአጭሩ እንንገራችሁ። ዓሣ በሚተነፍስበት ጊዜ ከመተንፈሻው አሞኒያ ይወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። አሞኒያ መርዝ ነው። በወንዝ ውስጥ ብዙ ውሃ ስለሚያጥበው አይጎዳም፤ በገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው በራሱ እዳሪ መካከል ይኖራል። ታዲያ የሚያድነው ማን ነው? በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም የዓሣውን ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ ሁለተኛ መርዝ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ እጅግ ካልበዛ ብዙም የማይጎዳ፣ እንዲያውም ለአትክልት ምግብ የሚሆን ነው። የእነዚህን ነፍሳት ሥራ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩስያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ለይቶ አሳይቷል። አብዛኞቹ የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን በስፖንጁ፣ በአሸዋውና በመስተዋቱ ላይ ተጣብቀው ነው። እኛ ቆሻሻ ያልነው ያ ቡናማ አተላ መኖሪያቸው ነበር። በክሎሪን ውሃ አጥበን ገደልናቸው፤ አሸዋውንም አብረን ስላጠብን መሸሸጊያ አላስቀረንላቸውም።

እንደገና እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። አዲስ ገንዳ ገዝቶ በዚያው ቀን ዓሣ የሚያስገባ ሰው ዓሦቹ በሁለተኛው ሳምንት የሚሞቱበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ጨመሩልን። በብራዚል ሪዮ ኔግሮ የሚባል ወንዝ አለ፤ ትርጓሜው ጥቁር ወንዝ ማለት ነው። ከጫካው የወደቀው ቅጠል በውሃው ውስጥ ስለሚዘፈዘፍ መልኩ እንደ ወፈረ ሻይ ነው። ውሃው ጨውና ኖራ የሌለበት፣ አሲድነት ያለው ነው። ሄከል ስም ያወጣለት ዲስከስ የሚኖረው በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ነው። አሲድነት ባለው ውሃ ውስጥ አሞኒያ በአብዛኛው አሞኒየም ወደሚባለው ብዙ ወደማይጎዳው መልኩ ይለወጣል። የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ጊዜ ግን መርዛማው ክፍል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። የገንዳችን ፒኤች በዚያን ቀን 7.8 ነበር። በሌላ አነጋገር ያው አሞኒያ በአገሩ ውሃ ውስጥ ቢሆን ዓሣውን ሳይገድለው ሊያልፍ ይችል የነበረ ሲሆን፣ በእኛ ገንዳ ገደለው።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሦስቱን ለማዳን ያደረግነው እንዲህ ነው። በየቀኑ ሢሶውን ውሃ፣ ክሎሪኑ በለቀቀና ሙቀቱ በተስተካከለ ውሃ ቀየርን። ምግቡን ለሦስት ቀን ፈጽሞ አቆምን፤ ከዚያም በቀን አንድ ጊዜ እጅግ ጥቂት ሰጠን። አየሩን አበዛን። አስተማሪያችንም በከተማው ውስጥ ዓሣ ከሚያኖሩ ወዳጃቸው ቤት፣ ጤነኛ ዓሦች ከሚኖሩበት ገንዳ፣ አንድ አሮጌ ስፖንጅ በዚያው በገንዳው ውሃ እንደ ረጠበ በባልዲ አምጥተው በማጣሪያችን ውስጥ አስገቡ። እኛ ነጭ እስኪሆን ያጠብነው ነገር፣ ሳይታጠብ ተለምኖ መጣልን። በሦስተኛው ሳምንት የሙከራው ጠብታ አረንጓዴ መሆኑን ተወ። ዓሦቹም ቀለማቸው ተመለሰ።

ዛሬ ስፖንጁን የምናጥበው በወር አንድ ጊዜ፣ ከገንዳው በቀዳነው ውሃ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ በማድረግ ብቻ ነው። አሸዋውን በዚያው ሳምንት አንነካም። ውሃውን ግን በየቅዳሜው 120 ሊትር ያህል እንቀይራለን፤ ምክንያቱም ናይትሬቱን የሚያወጣ ሌላ መንገድ የለንም።

ስለዚህ ውሃ ሳንናገር ብናልፍ ወላጆች ይታዘቡናል። በከተማችን ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሰው በጀሪካን ተሰልፎ በሚቀዳበት አገር ለጌጥ ዓሣ በሳምንት 120 ሊትር ማፍሰስ ተገቢ ነውን? በክበባችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ጠብ አስነሥቷል። በመጨረሻ የተስማማንበት፣ ከገንዳው የሚወጣው ውሃ አንድ ባልዲም ሳይፈስ ወደ ት/ቤቱ ጓሮ እንዲሄድ ነው። ናይትሬት ያለበት ስለሆነ ቆስጣው በእርሱ እጅግ ወፍሯል፤ ከዚያ ቆስጣ ጥቂቱ ተመልሶ የዓሦቹ ምግብ ይሆናል። ከእኛ አንዳንዱ በዚህ ረክቷል፤ አንዳንዱ ግን አልረካም፤ እኛም ሁላችንም ረካን ብለን አንዋሽም።

በሽታን በተመለከተ፣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ምልክቱ ነው። ነጭና እንደ ክር የቀጠነ ኩስ፣ የምግብ እምቢታ፣ በራሱ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በአንድ ላይ ሲታዩ በአንጀቱ ውስጥ ጥገኛ ነፍሳት ሊኖሩ ይችላሉ። ለዚህ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል፣ እኛም ለአሜባ የምንውጠው መድኃኒት ነው። ነገር ግን የጠቆረ ዓሣ ባየ ቁጥር ወደ መድኃኒት ቤት የሚሮጥ ሰው ተሳስቷል፤ መጀመሪያ ውሃውን ይመርምር። በእኛ ገንዳ የዚያን ሰሞን መድኃኒት ጨምረን ቢሆን ኖሮ የቀሩትንም ሦስቱን እንጨርሳቸው ነበር። አዲስ ዓሣ የሚገዛም ሰው ከነባሮቹ ጋር ሳይቀላቅል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ለብቻው አቆይቶ ይየው።

አሁን ደስ ስለሚለው እንናገር። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ተባዕትና እንስት ኖረዋል። በየካቲት ወር ከሦስተኛው ተለይተው አንድ ጥግ ያዙ። ዲስከስ እንቁላሉን የሚጥለው ቀጥ ብሎ በቆመ ነገር ላይ ነው። በገንዳው ውስጥ ምንም ስላልነበረ፣ ከጓደኞቻችን የአንዷ እናት አንገቱ የተሰበረ ጀበና ሰጡን። በገንዳው ውሃ ደጋግመን ዘፍዝፈን አስገባነው። በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ዓሦች ጀበናውን በአፋቸው እየጠረጉ ሲያጸዱ አየን፤ በማግስቱም ከመቶ በላይ እንቁላል በጎኑ ላይ ደርድረው ተገኙ።

የዲስከስ ድንቅ ነገር ከዚህ በኋላ ነው። እንቁላሉ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩም ወደ እናትና አባታቸው ሰውነት ሄደው ይጣበቃሉ፤ ከቆዳቸው ላይ የሚወጣውን ዝልግልግ ፈሳሽ እየጫሩ ይመገባሉ። ሂልደማን የተባለ የአሜሪካ ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን ጽፎ አሳወቀ። በ2010 ደግሞ የእንግሊዝና የብራዚል ተመራማሪዎች ፈሳሹን መርምረው፣ ወላጆቹ እንቁላል በጣሉ ጊዜ በውስጡ የሚገኘው ፕሮቲንና በሽታ ተከላካይ ነገር እንደሚጨምር አገኙ። ለሁለት ሳምንት ያህል ወላጆቹ ሳይሰለቹ ይመግቧቸዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን እየሸሹ ያስጥሏቸዋል፤ ልክ እናት ልጅዋን ጡት እንደምታስጥል ማለት ነው። ቆሮሶም ቢሆን ለልጆቹ የሚራራ ዓሣ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፍዋ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ሆኖም አባትም እናትም ከገላቸው የሚመግቡ ዓሦች ጥቂት ናቸው።

የእኛዎቹ እንቁላሎች ግን በሦስተኛው ቀን ነጭ ሆነው ሻገቱ። ያደጉት ዲስከሶች ለብዙ ትውልድ በሰው እጅ የተራቡ ስለሆኑ የቧንቧችንን ውሃ ለምደውታል፤ እንቁላሉ ግን ኖራ የበዛበትን ውሃ አይችልም። አባትና እናት ሁለት ቀን ሙሉ በነጡት እንቁላሎች ላይ በክንፋቸው ውሃ ሲያራግቡ ቆዩ። ያን ባየን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ለሚቀጥለው በክረምት የዝናብ ውሃ አጠራቅመን ከቧንቧው ጋር በመቀላቀል ልናለሰልሰው አስበናል። የጣሪያው የመጀመሪያ እጥበት ተጥሎ ከዚያ በኋላ የሚወርደው መቀዳት አለበት።

በዚያው ወር፣ ያንን የ9ኛ ክፍል ታናሽ ወንድማችንን በክበቡ ፊት አስጠርተን፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ነገርነው፤ ስሙንም ወደ መዝገቡ መለስን። ነገር ግን የከሰስነው በግቢው ሁሉ ተሰምቶ ሳለ፣ ይቅርታውን በአንድ ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ብንጨርሰው ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ በወላጆቹ፣ በመምህራኑና በጓደኞቹ ፊት እንናገራለን፤ ዓሦቹን የገደልናቸው እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። እርሱ በተራው የሰጣቸው ምግብ ንጹሕ ነበር። ወንድማችን፤ ይቅርታ አድርግልን።

እኛ በሰኔ ፈተናችንን ጨርሰን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። የክፍሏን ቁልፍ ባለፈው ሳምንት ለእርሱ ስንሰጠው ወዲያው አልተቀበለም። ጥቂት አሰበና፣ «ስፖንጁን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ከተጻፈልኝ እቀበላለሁ» አለን። ጽፈን በበሩ ላይ ለጥፈንለታል። ውሃው የሚቀየረው ዘወትር ቅዳሜ ከጧቱ በ3 ሰዓት ነው፤ ሊረዳው የሚፈልግ ተማሪ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ ይዞ ይምጣ።